ስቲንግሬይ በኮንዶሚኒየም ቤት፦ ከመውጊያዋ በፊት ስለ ትንፋሿ

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። 120 በ50 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ፣ 300 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲክሊድ የሚባሉትን ዓሦች አርብቶበታል። አሁን አንድ ሰው «የወንዝ ስቲንግሬይ ከውጭ ላምጣልህ፤ ከሲኒ ማስቀመጫ አትበልጥም፣ ትንሹ ዘር ነው፣ አያድግም» ብሎታል። ስቲንግሬይ ጠፍጣፋ፣ ጅራቷ ላይ መርዛማ መውጊያ ያላት ዓሣ ናት። ገንዳው ይበቃታል ወይ? የአዲስ አበባን ብርድ ትችላለች ወይ? የ4 ዓመት ሴት ልጅ ባለችበት ቤትስ መውጊያዋ አያሰጋም ወይ? ይላል።

ወንድሜ፣ መልሱን አላንዛዛብህም፤ በዚህ ገንዳ፣ በዚህ ዓመት አትግዛት። ለምን እንደምል ግን በዝርዝር ልንገርህ፤ ምክንያቱም «ከባድ ነው፣ ተወው» ብሎ ማለፍ ለአንተም ለዓሣዋም አይጠቅምም። ላለፉት 14 ዓመታት በዚህች ከተማ በየሰው ቤቱና በየቢሮው ያሉ አኳሪየሞችን ስንከባከብ ኖሬያለሁ፤ ስቲንግሬይም በእጄ አልፋለች። አንዷ በእኔ ጥፋት ሞታለች፤ እሱንም እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ «አያድግም» የሚለውን እንዝጋው። የሲኒ ማስቀመጫ የምታህል፣ የማታድግ የስቲንግሬይ ዘር ብሎ ነገር የለም። ያየኸው ግልገል ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሞቶሮ የሚባለው፣ ቡናማ ሆኖ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ዓይን መሳይ ክቦች ያሉት ዝርያ ግልገል ነው። ሞቶሮ ከእናቷ ሆድ ስትወጣ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ትሆናለች፤ በደንብ ከበላች ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰውነቷ ብቻ ግማሽ ሜትር ይሰፋል። አንድ ሙሉ እንጀራ አስብ። ከኋላዋ ደግሞ ጅራት አለ። ያንተ ገንዳ ወርዱ 50 ሴንቲሜትር ነው። እንጀራ የሚያህል ዓሣ እዚያ ውስጥ መዞር ቀርቶ በወጉ መዘርጋት አትችልም። ዕድሜዋም ከ10 ዓመት በላይ ስለሆነ «ትንሽ ላሳድጋትና ለሌላ እሰጣታለሁ» የሚለው ሐሳብ አያዋጣም፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ የሚያህል ስቲንግሬይ የሚቀበልህ ሰው ፈልገህ አታገኝም።

እኔ ለአንዲት የደረሰች ሞቶሮ ዝቅተኛው የምለው ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ ነው። ያ ማለት 1,200 ሊትር፣ ውሃው ብቻ 1,200 ኪሎ። በካሬ ሜትር 600 ኪሎ መሆኑ ነው፤ መስታወቱ፣ መቆሚያውና አሸዋው ሳይቆጠር። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ለሚሆን ጭነት ነው። የአሁኑ ገንዳህ በጠቅላላ ክብደቱ ትንሽ ስለሆነና ግድግዳ ተጠግቶ ስለቆመ ወለሉ ችሎታል፤ አራት እጥፍ ሲሆን ግን ነገሩ የመሐንዲስ ጉዳይ ነው። መሐንዲስ ሳይፈርምበት 3ኛ ፎቅ ላይ አታስበው። ወደፊት ምድር ቤት ወይም ግቢ ካገኘህ መሬት ላይ በብሎኬት የተገነባ፣ ውስጡ ውሃ እንዳያሳልፍ የተለሰነ ገንዳ ከመስታወት ይረክሳል፤ ለእሷም ይሻላታል። ከላይ የምትታይ ዓሣ ናትና።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ብርድ ብለህ ጠይቀኸኛል። ብርድ ሁለተኛ ነው፤ የሚቀድመው ትንፋሽ ነው።

ስቲንግሬይ ሆዷን አሸዋ ላይ አስተኝታ፣ አንዳንዴም ግማሽ አካሏን ቀብራ ነው የምትውለው። አፏ ከሥር ስለሆነ በአፏ ብትስብ አሸዋ ነው የሚገባባት። ስለዚህ ከዓይኖቿ ኋላ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ውሃ ትስባለች። ዝም ብለህ ብታያት ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ፣ ይከደናሉ፤ እንደ ሕፃን ልጅ እርግብግቢት ነው የሚመስለው። ስቲንግሬይ ያለው ደንበኛዬን ሁሉ መጀመሪያ የማስተምረው ይህን መቁጠር ነው። ጤነኛ በሆነች ቀን፣ ሳትበላ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትከፍት ቆጥረህ ትጽፋለህ። አንድ ቀን ቁጥሩ በግማሽ ጨምሮ ካየኸው ውሃው ችግር አለበት ማለት ነው፤ ሌላ ምልክት ከመታየቱ በፊት እሱ ይነግርሃል።

አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሙቀቱ 27 ዲግሪ የሆነ ውሃ ባሕር ጠረፍ ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 6 ገደማ ነው። የአየር ፓምፕ ብትጨምር፣ ብታፏፏው፣ ከዚያ አያልፍም፤ ፓምፑ የሚያደርገው እዚያ ጣሪያ ላይ ማድረስና ማቆየት ብቻ ነው። ከውጭ አገር በሚመጣ መመሪያ ላይ «በዚህ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ» ተብሎ የሚጻፈው የእኛን ከፍታ አስቦ አይደለም። ስለዚህ እዚህ ዓሣው ያነሰ፣ ገንዳው የሰፋ፣ ሙቀቱም ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ብዙዎች 28 እና 29 ላይ ያስቀምጣሉ፤ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከ26 አላሳልፍም፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የዓሣዋ ፍላጎት ደግሞ ይጨምራል።

መብራት ሲጠፋስ? ያችን ሌሊት ልንገርህ። ካዛንቺስ የነበረ አንድ ደንበኛዬ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ስቲንግሬይ ነበሩት። ፊልተሩን የመረጥኩለት እኔ ነኝ፤ ትልቅ፣ ዝግ፣ ከገንዳው ሥር የሚቀመጥ ካኒስተር። ባትሪ ግዛ አላልኩትም። መብራት ከምሽቱ 4 ሰዓት ሄዶ ንጋት 11 ሰዓት ላይ መጣ። በእነዚያ 7 ሰዓታት ውስጥ በተዘጋው ካኒስተር ያሉት ቆሻሻ አጣሪ ባክቴሪያዎች የነበረውን ኦክስጅን ጨርሰው ሞቱ፣ ቆሻሻውም እዚያው ሸተተ። መብራት ሲመጣ ፓምፑ ያንን ሁሉ ገንዳው ውስጥ ገለበጠው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስደርስ በሩ ላይ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ተቀበለኝ። ሴቷ አሸዋው ላይ ነበረች፤ ዙሪያዋን ጠርዟ እንደ ደረቀ እንጀራ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ፣ የአሞኒያ መለኪያው ቢጫ መሆን ሲገባው ጠብታው ገና እንደገባ አረንጓዴ ሆነ። ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፣ አየር ጨመርኩ፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሞተች። ወንዱ ተረፈ። ጠርዟ ከተቆለመመ በኋላ የተረፈች አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ለስቲንግሬይ ዝግ ካኒስተር ብቻውን አላስገባም። በአየር የሚሠሩ ትልልቅ የስፖንጅ ፊልተሮች፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ ክፍት ሆኖ ውሃው ከላይ እየተንጠባጠበ የሚወርድበት ማጣሪያ ነው የማስገባው። የሚንጠባጠበው ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን የሚያገኙት በቀጥታ ከአየሩ ነው፤ ለእኛ ከፍታ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ካኒስተር ካለህና መብራት ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ክፈተውና ስፖንጁን አውጥተህ ገንዳው ውስጥ አስቀምጠው፤ ውስጡ የቀረውን ውሃ ድፋው፣ ሳታጥበው መልሰህ አታስነሳው።

ባትሪውን በተመለከተ፦ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀምበት፣ በኢንቨርተር የሚባክነው ተቀንሶ፣ 40 ዋት የሚወስድ የአየር ፓምፕ ለ12 ሰዓት ያህል ያሠራልሃል። ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) አታሠራበት፤ በአንድ ሰዓት ይጨርስብሃል፣ አያስፈልግምም። 1,200 ሊትር ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ገንዳውን ጋቢና ብርድ ልብስ አልብሰው፣ ለአየር ግን ከላይ ክፍት ተውለት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እንኳ በጥቂት ዲግሪ ነው ዝቅ የሚያደርገው፤ ያንን ትችለዋለች፣ ትንፋሽ ማጣትን ግን አትችልም። አንድ ልማድ ልጨምርልህ፤ ጠዋት አብላት እንጂ ማታ አታብላት። የጠገበች ዓሣ የበለጠ ኦክስጅን ትፈልጋለች፣ አሞኒያም ትለቃለች። ሆዷ ሞልቶ መብራት ከጠፋ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጡባታል።

የሂተር ነገር ከተነሳ፣ መከለያ የሌለው ሂተር ለእሷ አደገኛ ነው። ትተኛበታለች፤ ከሥር እየተቃጠለች እንኳ አትነሳም። ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ቱቦ ሸፍነው፤ ቢቻል ከእሷ አርቀህ በማጣሪያው ክፍል ውስጥ አድርገው።

ውሃውስ? የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው የሚመጣው። የግድቡ ውሃ ለስለስ ያለ ነው፤ የጉድጓዱ ማዕድን ይበዛበታል፣ ፒኤቹም (የኮምጣጣነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል) ከፍ ይላል። ይህ ለስቲንግሬይ ትልቅ ልዩነት ነው። አሞኒያ ፒኤች 7 ላይ ሲሆን መርዘኛ የሆነው ክፍሉ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ላይ ግን 10 እጥፍ ገደማ ይሆናል። መለኪያው የሚያሳይህ ጠቅላላውን ስለሆነ ያው ቁጥር አንዱ ቤት ምንም ሳያደርግ ሌላው ቤት ይገድላል። ለእሷ አሞኒያና ባክቴሪያዎቹ መጀመሪያ የሚቀይሩት ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው፤ በመጨረሻ የሚቀረው ናይትሬት ደግሞ በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሮቶ የግድ ነው። ከቀናት መቋረጥ በኋላ ሲለቀቅ የሚመጣው የመጀመሪያው ውሃ ደፍርሶ፣ አንዳንዴም ክሎሪኑ አፍንጫ እስኪመታ ድረስ ከብዶ ነው። ያንን በፍጹም በቀጥታ አታስገባ። ለዓሣ ብቻ የተለየ ሮቶ አድርግ፣ የአየር ድንጋይ ጣልበት፣ 24 ሰዓት ይፏፏ፤ ከዚያም ላይ ክሎሪን ማጥፊያ ጨምርበት። ስቲንግሬይ በየሳምንቱ ቢያንስ ከውሃዋ አንድ ሦስተኛው ገደማ ይቀየርላት ዘንድ ግድ ነው። ከ1,200 ሊትር 30 ከመቶው 360 ሊትር፣ 18 ጀሪካን ነው። በየሳምንቱ። ውሃ ባልመጣ ሳምንትም ጭምር። 3ኛ ፎቅ ላይ ሆነህ ይህንን አስበው፤ እኔ እስካሁን ካየኋቸው ሰዎች ብዙዎቹን ያደከማቸው የዋጋው ነገር ሳይሆን ይህ ጀሪካን ነው።

አሸዋው ደቃቅና ሹል ያልሆነ ይሁን፤ የግንባታ አሸዋ ሆዷን ይፍቃታል። መድኃኒት ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ይኑርህ። ለሲክሊዶችህ የምትጠቀምበት መዳብ ያለበት ወይም ማላካይት ግሪን የሚባለው አረንጓዴ መድኃኒት ለእሷ መርዝ ነው፤ ቅርፊት የላትም። ጨው ጨምርበት የሚልህንም አትስማ። የባሕር ስቲንግሬዮች ደማቸው ውስጥ ዩሪያ አከማችተው ነው የባሕሩን ጨው የሚቋቋሙት፤ የደቡብ አሜሪካ ወንዞች ዝርያዎች ግን ያንን ችሎታ አጥተውታል። ቅድመ አያቶቿ የባሕር ናቸው፣ እሷ ግን ወደ ባሕር መመለስ አትችልም።

ምግብ ላይ አዲስ አበባ አትቸግርህም። ግልገል ስትሆን የመሬት ትል የሚያህል ነገር የለም፤ ሽታው ብቻ ያስነሳታል። ትሉን መድኃኒት ካልተረጨ ግቢ አውጣ፣ ወይም በትል ማዳበሪያ ከሚሠሩ ሰዎች ግዛ፤ አንድ ሌሊት እርጥብ ወረቀት ላይ አሳድረው አፈሩን ይተፋል። ከዚያ የዝዋይ ወይም የአርባ ምንጭ ቆሮሶ፣ አጥንቱ ወጥቶ በጣት ስፋት ተቆርጦ። ሽሪምፕ ከሱፐርማርኬት በረዶ ቤት ይገኛል፤ ያልበሰለና ጨው ያልገባበት መሆኑን አረጋግጥ። በዐቢይ ጾም ዓሣ ሲወደድ ብዙ ሰው ወደ ሥጋ ይሄዳል። የበሬም የዶሮም ሥጋ ስቡ አይፈጭላትም፣ ጉበቷን ይጎዳዋል። ቀድመህ ገዝተህ አቀዝቅዝ። ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አትስጥ፤ አንዳንድ ዓሣና ሽሪምፕ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ነገር አላቸው፤ በወራት ውስጥ ያዳክማታል።

ወደ ልጅህ ልምጣ። ስቲንግሬይ ክፉ አይደለችም፣ ሰው አታሳድድም። መውጊያዋ ጅራቷ ላይ ያለ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሳለ፣ መርዝ በያዘ ቆዳ የተሸፈነ እሾህ ነው። የምትወጋው ስትረገጥ፣ ስትጨበጥ ወይም ማምለጫ ስታጣ ነው። ሕመሙ ግን ከባድ ነው፤ ቁስሉም ሊመረቅዝ ይችላል። የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ወንበር ላይ ወጥታ እጇን መክተቷ አይቀርም፤ ዓሣዋ ሰው ስታይ ወደ መስታወቱ መጥታ ክንፏን እያርገበገበች ምግብ ስትለምን ልጅ እንዴት ትታገሣለች? ስለዚህ ቁልፍ ያለው ክዳን። ምክር ሳይሆን ቁልፍ። አንተም ገንዳው ውስጥ እጅህን ስትከት ዓሣዋ የት እንዳለች ሳታይ አትክተት፤ ስታጸዳ በአክሪሊክ ሰሌዳ ከልላት። በመረብ አታውጣት፤ እሾሁ መረቡ ውስጥ ይገባና እሷም አንተም ትጎዳላችሁ። ውሃ ውስጥ እያለች በሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ አግባት። እሾሁን ቆርጦ መጣልም አይረባም፤ በየጊዜው አሮጌው ወድቆ አዲስ ይበቅላል። የወደቀውን አሸዋ ላይ ካገኘኸው በፒንሳ አንሳው፣ ልጅ እንዳታገኘው።

ሰው ከተወጋ፣ እጅ ወይም እግር ከሆነ፣ ወዲያው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከር፤ 45 ዲግሪ የማያልፍ። መርዙ ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ያዳክመዋል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። የተወጋው ሰው በሕመሙ ምክንያት ሙቀቱን በትክክል ስለማይለይ፣ እናት የሕፃን ገላ ውሃ እንደምትሞክረው አንተ በክርንህ ሞክርለት። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ውሃውን እያሞቅክ ቆይ። ከዚያ ሐኪም ቤት፤ ስብርባሪ ቀርቶ እንደሆነ ራጅ ይነሳል፣ የቴታነስ ክትባትም ያስፈልጋል። አትሰር፣ አትብጣ፣ አትምጠጥ፣ ቅቤም ነጭ ሽንኩርትም አትቀባ። ደረት፣ ሆድ ወይም አንገት ላይ ከሆነ እሾሁን ሳትነቅል በቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰድ።

የወረቀቱ ነገር አጭር ነው። ሳይቲስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 ፓናማ ላይ በተደረገው ጉባኤ፣ ከብራዚሉ የሺንጉ ወንዝ የምትመጣውን ጥቁሯን ባለ ነጭ ነጠብጣብ ሊዮፖልዲን ጨምሮ በርካታ የወንዝ ስቲንግሬዮች ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገሩ ተወስኗል። ሰውየው ወረቀት ያሳይህ፤ ካልተረዳህው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጠይቅ። «በሻንጣ ነው የማመጣት» ካለህ ተወው። ደግሞ ቢሰለችህ ወደ ሐይቅ አትልቀቃት። ሲንጋፖር ውስጥ ሰዎች የለቀቋቸው ሞቶሮዎች አንድ የመጠጥ ውሃ ግድብ ውስጥ ተራብተው ቀርተዋል፤ ሐዋሳና አርባ ምንጭ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይሞቃሉ።

ከዓመት በኋላ ቦታ ካገኘህና ልትገዛ ከሄድክ፣ ከ20 ሴንቲሜትር ያላነሰችውን ምረጥ፤ የሲኒ ማስቀመጫዋ ግልገል በመንገድ ላይ ተርባ ስለምትመጣ ብዙ ጊዜ አትተርፍም። ፊትህ ትብላ። የጅራቷ ሥር ግራና ቀኝ ሥጋ ይዞ ይሙላ፤ ለስላሳ አጥንቱ ቆሞ ከታየህ ለሳምንታት አልበላችም።

እስከዚያ የ300 ሊትሩን ገንዳ አታፍርሰው። በኋላ አዲስ የመጣች ዓሣ ለብቻዋ የምትቆይበት ይሆንልሃል። አሁን ከእሱ የምፈልገው አንድ ወር ማስታወሻ ነው። የሮቶህን ፒኤች ውሃ በተለቀቀ ቁጥር ለካ፣ የገንዳውን ሙቀት ንጋት 12 ሰዓት ላይ አንብብ፣ መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ሁሉ በደብተር ጻፍ። ደብተሩን ላክልኝ፤ የባትሪውን መጠን ከእሱ ላይ አብረን እናሰላለን።